ገንዘቡ ሳያልቅ የሚጠየቅ ጥያቄ

በእስራኤል ከአሽቀሎን ማሪና በስተሰሜን፣ ወደ 20 ኪሎ ሜትር ርቆ የሚገኘው የአሽዶድ ወደብ የተሠራው በከፊል በዓለም ባንክ ብድር ነው። እስራኤል ከባንኩ የወሰደችው የመጀመሪያ ብድር ይኸው ነበር፤ ጊዜው 1960 (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)፣ መጠኑ 27.5 ሚሊዮን ዶላር። ኢትዮጵያ ደግሞ ከዚያ አሥር ዓመት ቀድማ ከአፍሪካ የመጀመሪያዋ ተበዳሪ ሆናለች። በ1950 ለአውራ ጎዳና 5 ሚሊዮን፣ ለልማት ባንክ 2 ሚሊዮን፣ በዓመቱ ደግሞ ለስልክ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ወስዳለች። እስራኤል በ1970ዎቹ አጋማሽ ከተበዳሪነት ወጣች። ኢትዮጵያ ዛሬም ከባንኩ ዋና ዋና ደንበኞች አንዷ ናት። እኛ አሽቀሎን የምንኖር ኢትዮጵያውያን አንዱ ብድር በሠራው ወደብ የገባ ዕቃ እየተጠቀምን፣ በሌላው ብድር በተሠራ መንገድ ዳር ለሚኖር ዘመድ ገንዘብ እንልካለን። ስለዚህ «ያ ሁሉ ገንዘብ ምን ሠራ? ባንኩስ ከሠራው ምን ተማረ?» ብለን ብንጠይቅ የሰው ጉዳይ ውስጥ አልገባንም።

በ1950ና በ1960 ይህን ጥያቄ በሥርዓት የሚጠይቅ ክፍል በባንኩ ውስጥ አልነበረም። መንገዱ ተሠርቶ ካለቀና ተበዳሪው ዕዳውን በወቅቱ ከከፈለ ፕሮጀክቱ እንደተሳካ ይቆጠር ነበር። ነገሩ መለወጥ የጀመረው ሮበርት ማክናማራ የባንኩ ፕሬዚዳንት ከሆኑ በኋላ ነው። በ1970 አንድ አነስተኛ የግምገማ ክፍል አቋቋሙ፤ በ1973 ራሱን የቻለ መምሪያ ሆነ። ቀጥሎም ኃላፊው ተጠሪነቱ ለባንኩ ሥራ አስኪያጆች ሳይሆን ለዳይሬክተሮች ቦርድ እንዲሆን ተደረገ። ትልቁ እርምጃ ይህ ነበር፤ ብድሩን የሰጠ ሰው ራሱ ብቻ ፈራጅ እንዳይሆን የታሰበበት ነውና። ዛሬ ይህ አካል ነጻ የግምገማ ቡድን ይባላል። የአፍሪካ ልማት ባንክም ተመሳሳይ አካል አለው።

አሠራሩን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ፕሮጀክቱ ሲዘጋ የባንኩ ሠራተኞች በስድስት ወር ውስጥ የማጠናቀቂያ ሪፖርት ይጽፋሉ። ምን ታቅዶ ነበር? ምን ያህሉ ተሳካ? በስንት ወጪ? ከዚያም ለራሳቸው ውጤት ይሰጣሉ፤ ከ«እጅግ አጥጋቢ» እስከ «ፈጽሞ አጥጋቢ ያልሆነ» ስድስት ደረጃ አለው። ነጻው ቡድን ሪፖርቱን ከሰነዶች ጋር አመሳክሮ የራሱን ውጤት ይሰጣል። ሁለቱ ሲለያዩ አብዛኛውን ጊዜ ዝቅ የሚለው የነጻው ቡድን ነው። ጥንቃቄውም ቀላል አይደለም። አንድ ፕሮጀክት ግማሽ መንገድ ላይ ግቡን ዝቅ ቢያደርግ፣ ገምጋሚው በመጀመሪያውም በተከለሰውም ግብ ይለካዋል፤ ከክለሳው በፊትና በኋላ የወጣውን ገንዘብ መጠን ይዞም ሁለቱን ውጤቶች ያመዛዝናል። ግብን ዝቅ አድርጎ ከፍተኛ ነጥብ ማግኘት እንዳይቻል የተበጀ ዘዴ ነው። ይህን ያሰቡት ሰዎች ሥራቸውን ከልብ የሚሠሩ መሆናቸው ይታያል።

ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ገምጋሚው ቦታው ድረስ ሄዶ የሚያያቸው ፕሮጀክቶች ጥቂት ናቸው፤ ለቀሩት የሚተማመነው በወረቀቱ ላይ ነው። ወረቀቱ ደግሞ ፕሮጀክቱ ራሱ የሰበሰበው መረጃ ነው። ነጻው ቡድን ለፕሮጀክቶች የክትትልና የመረጃ አያያዝ ጥራት የሚሰጠው ነጥብ ለብዙ ዓመታት በአብዛኛው ደካማ ነበር። ከሁሉም በላይ ሪፖርቱ የሚጻፍበት ቀን የሚወሰነው በገንዘቡ መዘጋት እንጂ በሰዎቹ ኑሮ አይደለም። የግድብ ደለል፣ ከመሬቱ የተነሣ ገበሬ ልጅ ዕጣ፣ የቦይ መፈራረስ በስድስት ወር ውስጥ አይታዩም።

ባንኩ ይህን ስለ ራሱ ያውቃል። በ1992 በምክትል ፕሬዚዳንቱ ቪሊ ቫፐንሃንስ የተመራው የውስጥ ጥናት በ1991 ከተጠናቀቁት ፕሮጀክቶች ከሲሶ በላይ የሚሆኑት አጥጋቢ እንዳልነበሩ አሳይቷል። ምክንያት ብሎ ያስቀመጠውም ባንኩ ውስጥ የሰፈነውን ብድር የማጸደቅ ባህል ነው። ሠራተኛው የሚመሰገነው አዲስ ብድር አዘጋጅቶ ቦርዱ ፊት ሲያቀርብ ነው፤ አሮጌውን ፕሮጀክት ሲያስታምም የሚያየው የለም። ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ2014፣ ነጻው የግምገማ ቡድን ባንኩ እንዴት እንደሚማር ባጠና ጊዜ ያገኘውም ከዚህ አይርቅም። ሠራተኞቹ የሚማሩት ከተጻፈ ሪፖርት ይልቅ ከባልደረባ ጋር በሚያደርጉት ጨዋታ ነው። ያ ባልደረባ ወደ ሌላ አገር ሲዛወር ዕውቀቱም አብሮት ይሄዳል።

በኢትዮጵያ ውስጥ ለዚህ ጉዳይ ሁለት ትልልቅ ማሳያዎች አሉ፤ በአንድ ዘመን፣ በአንድ መንግሥት፣ በአንድ ባንክ የሆኑ ናቸው። አንደኛው ባንኩ ሊያየው ሲገባ ያላየው፣ ሁለተኛው በጊዜው አይቶ ያረመው ነው።

የመጀመሪያው የመሠረታዊ አገልግሎቶች ጥበቃ ፕሮግራም ነው። ከ2005 ምርጫ በኋላ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ደም ሲፈስ ለጋሾች ለፌዴራል መንግሥቱ በቀጥታ ይሰጡት የነበረውን የበጀት ድጋፍ አቆሙ። ትምህርት ቤቶችና ጤና ጣቢያዎች እንዳይዘጉ ደግሞ በ2006 ይህ ፕሮግራም ተቀረጸ። ገንዘቡ በድጎማ በጀት በኩል ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ ወረዳ ይወርድ ነበር። ወረዳ ሲደርስ የመምህሩ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ የግብርና ባለሙያው ደመወዝ ይሆን ነበር። ሦስተኛው ዙር በ2012 ሲጸድቅ የባንኩ ድርሻ ብቻ 600 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በአገር ደረጃ የታየው ለውጥም እውነተኛ ነው። ከ1,000 ሕፃናት አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት በ2005 123 ነበሩ፤ በ2011 ወደ 88፣ በ2016 ወደ 67 ወርደዋል። ይህን ቁጥር ማናናቅ ነውር ነው፤ እያንዳንዱ አኃዝ ሳይሞት የቀረ ልጅ ነው።

በዚያው ዘመን ግን ጋምቤላ ውስጥ ሌላ ነገር እየሆነ ነበር። የክልሉ መንግሥት በ2010 የጀመረው የመንደር ማሰባሰብ ፕሮግራም በሦስት ዓመት 45,000 አባወራዎችን ወደ አዳዲስ መንደሮች ለማዛወር ያቀደ ነበር። መንግሥት «በፈቃደኝነት ነው፤ ዓላማው ትምህርት ቤት፣ ውሃና ጤና ኬላ ማቅረብ ነው» አለ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በጥር 2012 ባወጣው ሪፖርት ሰዎች በግዳጅ እንደተነሡ፣ የተባለው አገልግሎትም በብዙ ቦታ እንዳልተገኘ ጻፈ። በመስከረም 2012 ከክልሉ ወደ ደቡብ ሱዳንና ወደ ኬንያ የተሰደዱ አኝዋኮች ኢንስፔክሽን ፓነል ለሚባለው የባንኩ መርማሪ አካል አቤቱታ አስገቡ። ክርክራቸው ቀላልና ጠንካራ ነበር፦ ከቀያችን ያስነሡን የወረዳ ሠራተኞች ደመወዛቸውን የሚያገኙት ከዚህ ፕሮግራም ነው፤ ስለዚህ ባንኩ አያገባኝም ማለት አይችልም።

የባንኩ አስተዳደር ሁለቱ ፕሮግራሞች አይገናኙም ብሎ መለሰ። ፓነሉ መርምሮ ሪፖርቱን በ2014 መጨረሻ አቀረበ፤ ቦርዱ በየካቲት 2015 ተወያየበት። ፓነሉ ግዳጅ ነበረ ወይስ አልነበረም የሚለው ሥልጣኑ ውስጥ ስላልሆነ አልፈረደም። ነገር ግን በሁለቱ ፕሮግራሞች መካከል የአሠራር ትስስር እንዳለ፣ ባንኩም በራሱ ደንብ መሠረት ሊመረምረው የሚገባውን አደጋ በሚገባ እንዳልመረመረ አረጋገጠ። አኝዋክን የመሰሉ ሕዝቦችን ለመጠበቅ የወጣውንም ፖሊሲ ሥራ ላይ አላዋለም ነበር። ለመርማሪዎቹ ጋምቤላ ውስጥ ያስተረጎመው ፓስተር በመጋቢት 2015 አዲስ አበባ ላይ ተያዘ፤ በኋላም በፀረ ሽብር ሕጉ ተከሰሰ። አንድ ባንክ እውነቱን እንዲያውቅ የረዳ ሰው የሚከፍለው ዋጋ ይህ ከሆነ፣ ከዚያ ወዲያ ለገምጋሚ አፉን የሚከፍት ገበሬ ከየት ይመጣል?

እዚህ ላይ ልብ የሚባል ነገር አለ። ጉዳዩ የታየው በመደበኛው ግምገማ መንገድ አይደለም። የማጠናቀቂያ ሪፖርት የሚጠይቀው ስንት ልጅ ትምህርት ቤት ገባ፣ ስንት መምህር ተቀጠረ፣ የወረዳው ሒሳብ ተመርምሯል ወይ እያለ ነው። በእነዚህ ጥያቄዎች ሁሉ ፕሮግራሙ መልካም ነጥብ ሊያገኝ ይችላል፤ አማካይ ቁጥር ከመሬቱ የተነሣውን ሰው አያሳይምና። ጥያቄው ባንኩ ደጃፍ የደረሰው ሰዎች ድንበር ተሻግረው አቤት ስላሉ ነው። ያልተሰደደው፣ አገር ቤት የቀረው ሰው ያን ማድረግ የሚችልበት መንገድ አልነበረውም።

ከዚህ በኋላ ባንኩ የተማረው ነገር የለም ማለት ግፍ ይሆናል። በ2015 በቦታው በተተካው አዲስ ፕሮግራም ወደ ኋላ ለቀሩ አካባቢዎችና ሕዝቦች ትኩረት ተሰጠ። በ2018 ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ የባንኩ የአካባቢና የማኅበረሰብ ደንብም ከሰሃራ በታች ያሉ በታሪክ የተገለሉ ባህላዊ ማኅበረሰቦችን በስም ጠቅሶ ያካትታል። አገላለጹ የገባው የአፍሪካ መንግሥታት «ሁላችንም ነባር ሕዝቦች ነን» እያሉ የቀድሞውን ደንብ ሲቃወሙ ከቆዩ በኋላ ነው። ጥሩ ነው። ዳሩ ግን ትምህርቱ የደረሰው ለቀጣዩ ፕሮጀክት ነው፤ አቤቱታውን ላቀረቡት ቀዬአቸው አልተመለሰላቸውም።

ሁለተኛው ምሳሌ ሕዝቡ ሴፍቲኔት እያለ የሚጠራው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ነው። በ2005 ሲጀመር ወደ አምስት ሚሊዮን ሰው ያቀፈ ነበር፤ በኋላ ወደ ስምንት ሚሊዮን ደረሰ። በየዓመቱ ዝናብ ቢመጣም ባይመጣም እህል የሚያጥራቸው ቤተሰቦች የእርዳታ መኪና እስኪመጣ ከመጠበቅ ይልቅ እርከን ሠርተው፣ ኩሬ ቆፍረው፣ መንገድ ጠርገው በየወሩ ክፍያ ያገኛሉ። መሥራት የማይችሉ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ያለ ሥራ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛሉ።

ይህን ፕሮግራም ከሌሎች የለየው ጥናቱ ከመጀመሪያው አብሮት መወለዱ ነው። ዓለም አቀፍ የምግብ ፖሊሲ ጥናት ኢንስቲትዩትና የኢትዮጵያ ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ከ2006 ጀምረው በየሁለት ዓመቱ ተመሳሳይ ቤተሰቦችን እየተመለሱ ጠየቁ። በፕሮግራሙ ያልታቀፉ ጎረቤቶችንም አብረው ስለጠየቁ፣ ለውጡ የመጣው ከሴፍቲኔቱ ነው ወይስ ከጥሩ ክረምት የሚለውን መለየት ተቻለ። የመጀመሪያው ውጤት የሚያስደስት አልነበረም። በአማካይ ሲታይ ፕሮግራሙ ያመጣው ለውጥ ትንሽ ነበር። ምክንያቱም ተገኘ፦ ብዙዎቹ ቤተሰቦች የሚደርሳቸው ከታቀደላቸው እጅግ ያነሰ ነበር። ቢያንስ ግማሹን ያገኙት ግን ኑሯቸው ተሻሽሎ ተገኘ። የእርሻ ድጋፍና ብድር አብሮ የደረሳቸው ደግሞ የበለጠ ተጠቅመዋል።

ቁጥሩን ቀርበን እንየው። በ2005 የአንድ ቀን ሥራ ክፍያ 6 ብር ነበር፤ ይህም በጊዜው ሦስት ኪሎ እህል ይገዛል ተብሎ የተሰላ ነው። ለአንድ የቤተሰብ አባል በወር የአምስት ቀን ሥራ ይታሰባል፤ ይህ 30 ብር ነው። በስድስት ወር 180 ብር ይሆናል። በ2008 የእህል ዋጋ ሲያሻቅብ 6 ብር ሦስት ኪሎ መግዛት አቃተው። በጥሬ ገንዘብ የሚከፈላቸው ሰዎች «እህሉን ስጡን» ማለት ጀመሩ። ጥናቶቹ ይህን በጊዜው ስለመዘገቡ ክፍያው መጀመሪያ ወደ 8፣ ቀጥሎ ወደ 10 ብር ከፍ አለ። የእርሻ ድጋፉም በ2009 እንደገና ተቀረጸ። በ2014 የታተመው ትንታኔ አምስት ዓመት የታቀፉ ቤተሰቦች የሚራቡበት ወቅት ከአንድ ወር በላይ እንዳጠረ አሳየ። ሰኔና ሐምሌን በባዶ ጎተራ ያሳለፈ ሰው አንድ ወር ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

የሁለቱ ምሳሌዎች ልዩነት ምክንያት የገምጋሚዎቹ ብልሃት ብቻ አይመስለኝም። ሴፍቲኔቱ ላይ ጥያቄው የቀረበው ገንዘቡ እየወጣ ባለበት ጊዜ ነው፤ የጠየቀውም ሰው በመልሱ የሚሾም ወይም የሚሻር አልነበረም። መልሱ በመጣ ጊዜ የሚቀጥለውን ክፍያ መለወጥ የሚችል ሰው ጠረጴዛው ዙሪያ ነበር። እነዚህ ሦስቱ ባይገጥሙ ያው ጥናት መደርደሪያ ላይ ይቀር ነበር። እርግጥ ሴፍቲኔቱም ነቀፌታ አላጣም፤ በየወረዳው ቤተሰቦችን ከፕሮግራሙ ቶሎ ለማስመረቅ የተደረገው ግፊት ያልተጠናከሩትን ሰዎች መልሶ ለችግር ዳርጓል።

የመስኖ ሥራ ደግሞ ሌላ ዓይነት ትዕግሥት ይጠይቃል። በጎጃም፣ መራዊ አጠገብ ያለውን የቆጋ ግድብ ብድር የአፍሪካ ልማት ባንክ ያጸደቀው በ2001 ነው። ግድቡ 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ውሃ እንዲይዝ፣ 7,000 ሄክታር ገደማ እንዲያለማ ታስቦ ተሠራ። ውሃው ወደ ማሳ እስኪወርድ ድረስ ወደ አሥር ዓመት ገደማ አለፈ። ዛሬ እዚያ ስንዴ፣ ሽንኩርትና ድንች በበጋ ይመረታል፤ አቮካዶም አውሮፓ ድረስ ተልኳል። የፕሮጀክቱ መዝገብ ሲዘጋ አንድም የአቮካዶ ዛፍ ለውጭ ገበያ አላፈራም ነበር፤ ያ በጎ ውጤት በዚያ ሪፖርት ውስጥ ሊኖር አይችልም። በአንጻሩ ከቦዩ ግርጌ ያለው ገበሬ ከራስጌው ያነሰ ውሃ እንደሚያገኝ፣ ቦዩን ማን ይጥረግ የሚለው ክርክር፣ ከተራራው የሚወርደው ደለል የሚታዩትም ከዓመታት በኋላ ነው። ልማት ባንኮች ከተዘጋ ከአሥር ዓመት በኋላ ተመልሰው የሚያዩት ፕሮጀክት ጥቂት ነው፤ በጀቱ ስለተዘጋ የሚከፍለው የለም። እኔን ቢጠይቁኝ ከእያንዳንዱ የመስኖ ብድር ጥቂቱ ተቀንሶ ለአሥረኛው ዓመት ጉብኝት ይቀመጥ እላለሁ።

የራሳችን ልማት ባንክም ከዚህ አያመልጥም። የኢትዮጵያ ልማት ባንክ ለጋምቤላ ሰፋፊ የዝናብ እርሻዎች ብዙ ብድር ሰጠ። በ2016 መንግሥት ያስጠናው ጥናት መሬት በላይ በላዩ እየተደራረበ ለተለያዩ ባለሀብቶች እንደተሰጠ፣ ብዙው መሬትም ሳይለማ እንደተቀመጠ አሳየ። ባንኩም ለዝናብ እርሻ ማበደሩን አቆመ። በ2018 አካባቢ የተበላሸ ብድሩ ወደ 40 በመቶ ተጠግቶ ነበር። 100,000 ሄክታር የተሰጠው የሕንዱ ካሩቱሪ ኩባንያ ውልም በ2015 መጨረሻ ተቋርጧል። ጋምቤላ እንደገና! ሰው ከቀዬው ተነሥቶ ወደ መንደር ሲሰበሰብና ለባለሀብቱ መሬት ሲሰጥ ዘመኑም ክልሉም አንድ ነበር፤ ሁለቱን በአንድ ላይ አስቀምጦ በጊዜው የጠየቀ ባንክ ግን አልነበረም። እያንዳንዱ ባንክ የሚመለከተው የራሱን ፋይል ነው።

ይህ ሁሉ ዛሬ ለምን ይነሣል? የበጀት ድጋፍ ተመልሶ ስለመጣ ነው። በሐምሌ 2024 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ተለቀቀ። በማግስቱ የዓለም ባንክ 1.5 ቢሊዮን ዶላር አጸደቀ፤ አንድ ቢሊዮኑ እርዳታ፣ 500 ሚሊዮኑ ብድር ነው። ይህ ገንዘብ ግድብ ወይም መንገድ ስላልሆነ ማንም ቦታው ሄዶ ሊለካው አይችልም። የሚከፈለው መንግሥት አንዳንድ የፖሊሲ እርምጃዎችን አስቀድሞ ስለወሰደ ነው፤ ገምጋሚው በኋላ መጥቶ እርምጃው ተወስዷል ወይ ሲል መልሱ ቀድሞ የታወቀ ይሆናል፦ አዎ፣ ተወስዷል። ዋናው ጥያቄ እርምጃው በሰው ቤት ምን አደረገ የሚለው ነው።

ይህን ለማወቅ ደግሞ ወቅቱ አስቸጋሪ ነው። ከ2023 ጀምሮ በአማራ ክልል ባለው ጦርነት ገምጋሚ ሊገባባቸው የማይችሉ ወረዳዎች ብዙ ናቸው። ባንኩ በሚያዝያ 2022 በጦርነት ለተጎዱ ማኅበረሰቦች 300 ሚሊዮን ዶላር ሲያጸድቅም እንቅፋቱ ይኸው ነበር፤ ያኔ ትግራይ ውስጥ ሥራው በሦስተኛ ወገን በኩል እንዲሠራ ተደረገ። ከ2020 ጀምሮ በስልክ የተደረገ የቤተሰብ ጥናትም አለ፤ ጠቃሚ ነው። ነገር ግን ስልክ የሌላት አሮጊት፣ ኔትወርክ የተቋረጠበት ወረዳ በዚህ ጥናት አይቆጠሩም። የሴፍቲኔቱ ተጠቃሚ ከሆኑት ብዙዎቹ እነዚሁ ናቸው።

እዚህ ማሪና አካባቢ ያገሬ ሰዎች ሲገናኙ ወሬው ስለ ምንዛሪ ነው። ከአሽቀሎን የሚላከው ሸቀል ከበፊቱ የበለጠ ብር ያወጣል። የሚላክለት ዘመድ ያለው ቤተሰብ የእህሉን ዋጋ መቋቋም ይችል ይሆናል። በሰቆጣና በላይ ጋይንት ውጭ አገር ማንም የሌለው፣ በሴፍቲኔት ክፍያ ብቻ የሚኖር ሰው ግን ጉዳዩ የተለየ ነው፤ የእሱ ክፍያ የተቆረጠው በብር ነው። በ2008 የተጠየቀው ጥያቄ ለዚህ ሰው እንደገና መጠየቅ አለበት፦ የአንድ ቀን ሥራ ክፍያ ዛሬ ስንት ኪሎ እህል ይገዛል? በሚቀጥለው ወርስ? ይህን በየወሩ፣ በየወረዳው ገበያ የሚመዘግብ፣ ከባንኩም ከመንግሥትም ያልተቀጠረ አጥኚ፣ ከ1.5 ቢሊዮኑ ጋር አብሮ ሊጸድቅ ይገባ ነበር። ከምንዛሪው ለውጥ በፊት የነበረውን ዋጋ የሚያሳየው መነሻ መረጃ የሚሰበሰብበት ጊዜ አልፏል። ሆኖም የገበያ መዝገቦችና የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ የዋጋ መረጃዎች ስላሉ ከእነሱ ተነሥቶ መጀመር ይቻላል፤ የሚቀጥለው ዙር የበጀት ድጋፍ ቦርዱ ፊት ሲቀርብ ከጥያቄዎቹ አንዱ ይህ መሆን አለበት።